ሚዛኑ ያልወረደላት ሴት

በእኛ ሕንፃ ጠዋት ሊፍት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ጎረቤቱን ሰላም የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ ከበሩ በላይ በቀይ ይበራል፤ የገባው ሰው ክብደት በሙሉ ተደምሮ። ብቻውን የገባ ሰው ኪሎው በአደባባይ ወጣ ማለት ስለሆነ ማንም ብቻውን አይገባም። ሁለት ሦስት እስኪሆኑ ይጠባበቃሉ፤ ከዚያ ቦርሳቸውን አቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ተያይዘው ይገባሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሰውን የሚጠብቅበት ቦታ ከቀረ ይኸው ሊፍት ብቻ ነው።

እነዚህን ሊፍቶች የምጠግነው እኔ ነኝ። ስሜ ደምሰው ነው፤ ሕንፃው ግን «ደምሰው ሊፍቱ» ይለኛል። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ስለ ገመድና ስለ ሞተር አወራለሁ። ገመዱ ያነሳውን ሁሉ እንደማውቅ አልናገርም፤ ብናገር ማን ደረጃ ላይ ሰላም ይለኛል?

ከሃምሳ ስልሳ ዓመት በፊት ሰው ካሎሪ የሚባለውን ነገር በስልኩ ላይ እንደ ጨዋታ ይቆጥር ነበር ይላሉ፤ ሲሰለቸው ይተወዋል። ዛሬ አይሰለችም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ የራሱ ባለ ክዳን ሳህን አለው፤ ክዳኑ ከሳህኑ የተነሳውን ይቆጥራል፣ እጁ ላይ ያለው አምባርም ድምሩን ይይዛል። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለቆጠራ ስለማይመች ከቀረ ቆይቷል። ትልልቁ ትሪ አሁን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያምራል» ይልና ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን ሳህን ያወጣል። «በሞቴ ብላ» ማለት ግፊት ይባላል። ጉርሻ ደግሞ ስሙ እንኳ በሰው ፊት አይነሳም።

ባለቤቴ ትርሲት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ እንከን ፈላጊ ናት። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ በፊቷ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር ትለቅማለች። ቤት ስትመጣም አመሏ አይለቃትም፤ ሸሚዜ ላይ የተንጠለጠለች ክር ካየች እስክትነቅላት ድረስ ዕረፍት የላትም። እንዲህ ያለች ሴት ምግብ ትሸሽጋለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ ጠረጠርኩ። ባሏ።

ነገሩ የጀመረው የሚዛን ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ኪሎ እንድትቀንስ ሲወስንባት ነው። በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካሎሪ ተፈቀደላት። መጀመሪያ ላይ ቀነሰች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀሚሶቿ ሰፏት፣ ጎረቤት አመሰገናት፣ እኔም «ሌላ ሴት ሳላገባ ሌላ ሴት መጣችልኝ» እያልኩ ቀለድኩባት። ከዚያ ኪሎዋ እንደ ተበላሸ ሊፍት በሁለት ፎቅ መሀል ቀጥ አለ። ሳህኗ ያው፣ ምግቧ ያው፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ሁዳዴ ገባና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ እየዋለች ጾመች፤ ሚዛኑ አላዘነላትም። በሁለተኛው ምርመራ ጭራሽ ትንሽ ጨምራ ተገኘች።

ሕጉ አጭር ነው። በሦስት ተከታታይ ምርመራ ያልቀነሰ ሰው ከተቆጠረለት በላይ እየበላ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ሸሻጊ ይባላል። ሸሻጊ ደግሞ ለስድስት ወር ማረጋገጫ ቤት ይገባል። እዚያ ሰው አይመታም፣ አይሰደብም። መስታወት ፊት ለፊት ብቻውን ተቀምጦ ይበላል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለ ሰው ደግሞ ያየዋል። ሌላ ምንም የለም።

የስድስተኛ ፎቋ ሸዋዬ ገብታ ወጥታለች። ስትወጣ ሸንበቆ መስላ ስለነበር ጽሕፈት ቤቱ ፎቶዋን መግቢያው ላይ ሰቀለው። በዓመቱ የቀነሰችው ኪሎ ሁሉ ተመለሰ፤ ሳቋ ግን አልተመለሰም። ፎቶውን እስከ ዛሬ ማንም አላወረደውም። አሁን ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው ይላሉ። ባሏ መጀመሪያ አካባቢ ያባብላት ነበር፤ በኋላ እሱም ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤት መግባት ጀመረ። የድሮ ሰዎች «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ ነበር፤ አነጋገሩ ዛሬ ያስቃል፤ ብቻውን የማይበላ ማን አለና?

ትርሲት ይህ እንዲደርስባት አልፈለግሁም። ግን ደግሞ ያለ እሳት ጭስ የለም እያልኩ አስብ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውን አንዴ መጠርጠር ከጀመራችሁ የማያስጠረጥር ነገር አታገኙም። ጠዋት ስስማት ትንፋሿን እየሳብኩ አሸትት ጀመር። የካፖርቷን ኪስ ገልብጬ ፍርፋሪ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ክር ብቻ ነበር። ክሩንም አሸተትኩት።

አንድ ቀን እራት ላይ ሁለታችንም ክዳናችንን ከፍተን ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኋት።

«ትርሲት።»

«አቤት።»

«ፋብሪካ ውስጥ የሚያቀምስሽ ሰው የለም?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን የሚያቀምሰኝ?»

«እንዲያው ሳታስቢው። ቆሎ ነገር፣ ዳቦ ቢጤ። ሰው ሲያወራ እጁ ወደ አፉ ያመራል እኮ።»

«ደምሰው፣ ክዳኔን የምትዘጋልኝ አንተ ነህ። የበላሁትን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

«እሱማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ወደ ሳህኔ አቀረቀርኩ። እሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቀሪውን በላች። ድሮ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሐምሌ ላይ መስኮት የምትከፍት ሴት ነበረች፤ አሁን በበጋም ብርድ ብርድ ይላታል። ይህንንም ታዝቤ ነበር፤ ግን ነገሩ ሌላ መሰለኝ። ብርድ ልብሱ ሥር የምትደብቀው ነገር አለ አልኩ።

ጥርጣሬ ለራስም አይበጅም። ምግብ አልወርድ አለኝ። ከሳህኔ ላይ ግማሹን ብቻ እየበላሁ የተረፈውን በላስቲክ ጠቅልዬ ለጥበቃው ውሻ እሰጥ ነበር፤ ክዳኑ የሚያውቀው ከሳህኑ መነሳቱን እንጂ በየትኛው አፍ እንደገባ አይደለም። በዚያ ሁዳዴ በሕንፃችን ውስጥ በግልጽ የወፈረው ያ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱን ግን ማንም አልመዘነውም።

በመጨረሻ በሥራዬ ተጠቀምኩ። አንዱ ሊፍት ለእሷ ብቻ የሚሆንበትን፣ ሌላ ተሳፋሪ የማይኖርበትን ሰዓት መረጥኩ፤ ሌሎቹ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ለጠፍኩና ምድር ቤት ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ ክብደቱንና ፎቁን ከሚያሳየው ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ጠበቅሁ። ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሰባተኛው፣ አልወጣችም። አሥራ አንደኛ ፎቅ ወረደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ ስትገባ ቁጥሩ ያው ነበር፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስትወጣ ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ሆዷ ውስጥ ቢገባስ? ሊፍት ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ቁጥሩ ያው መሆኑ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ሰው እንዲህ ያብዳል ማለት ነው።

በማግሥቱ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቤ አሥራ አንደኛ ፎቅ ቀድሜያት ወጣሁና የሊፍቱን በር የምጠግን መስዬ ቆምኩ። ስትመጣ ከግድግዳው ወዲያ ዞር አልኩ። የገባችው እማማ ዘነቡ ቤት ነው። እማማ ዘነቡ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ሰማንያ ያለፈ ሰው አይቆጠርም፤ አምባሩን ይፈቱለታል፣ የፈለገውን ይብላ ይባላል። ከሕንፃው ውስጥ ሳይቆጠር ምግብ የሚቀመጥበት ቤት ያ ብቻ ነው። ያዝኳት አልኩ በልቤ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ አየሁ።

እማማ ዘነቡ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ጭልፋ ቀርቶ መቁጠሪያ አይዙም። ትርሲት ከቦርሳዋ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ አውጥታ እጇን ጠርጋ፣ ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለች ታጎርሳቸዋለች። በእጇ። ትንሽ ትንሽ አድርጋ፣ እስኪያኝኩ እየጠበቀች። ከልጅነቴ ወዲህ ሰው ሲያጎርስ አይቼ አላውቅም።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ አንቺ ቅመሺያት» አሉ እማማ።

«አይሆንም እማማ።»

«አፈር ስሆን።»

«አፈር አይንካዎት። ይልቅ ይዋጡ።»

«ማን ያይሻል እዚህ?»

«ማንም አያየኝም። ግን እኔ አውቀዋለሁ።»

ሲጨርሱ ጣቶቿን አየች። አውራ ጣቷ ላይ ሽሮ ቀርቷል፤ ትንሽ ነው፣ የምስር ፍሬ አያህልም። ጣቷን ወደ ፊቷ አነሳች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጨርቁን አነሳችና ጠረገችው፤ በጥፍሯ ሥር የገባውን ሳይቀር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አፈርኩ። እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜዬ ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ታዲያ እንዲህ ሆነሽ ለምንድን ነው የማትከሺው ልጄ?» አሉ እማማ።

«እኔ ምን አውቄ። ብርድ ብርድ ይለኛል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ፋብሪካ ቆሜ ላንቀላፋ ይቃጣኛል። ጠጉሬም ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው።»

«በሬም መኖ ሲቀንሱበት ቀስ ብሎ ነው የሚያርስ። ሰውነትሽ ቀስ እያለ ነው። ክፉ ቀን መጣ ብሎ ያለውን እየቋጠረ ነው። ሞኝ መስሎሻል?»

«ይህን ማን ያምነኛል እማማ? ደምሰው እንኳ ጠዋት ጠዋት አፌን ያሸታል።»

«አትይኝም።»

«ስሞ ሲያሸተኝ የማውቅ አይመስለውም። አውቄ ዝም እለዋለሁ።»

የመሣሪያ ቦርሳዬን አቅፌ በደረጃ ወረድኩ። አራት ፎቅ ሙሉ የሰማሁት የራሴን ጫማ ድምፅ ብቻ ነው። ቤት ስትገባ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ «ሊፍቱን ጨርሰህ ጠገንከው?» አለችኝና አዎ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ሦስተኛው ምርመራ ከፋሲካ በኋላ ዋለ። ሁለታችንም ተጠራን፤ የትዳር ጓደኛ ምስክር ነው። የተቀበለን ኤልናታን የሚባል ወጣት ሹም ነው፣ ትሑት፣ ወንበር የሚስብላችሁ ዓይነት። ትርሲት ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩ ያው ነበር።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ የሚሉት ነገር አለ?»

«የተሰጠኝን በልቻለሁ። ከዚያ በላይ አልበላሁም።»

«አቶ ደምሰውስ?»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «ምንም አትበላም። በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውነቷ ነው የቀዘቀዘው፤ ብርድ ይላታል፣ ጉልበቷ ደክሟል፣ እንቅልፍ ይጥላታል። ባነሰ ቁጥር እሱም ቀንሶ እየኖረ ነው።»

ኤልናታን በትዕግሥት አዳመጠኝ። ሲናገር የራሱን አምባር በአውራ ጣቱ ይዳስስ ነበር።

«አቶ ደምሰው፣ ከገባው የወጣው ከበለጠ ሰው ይቀንሳል። ይህ ሒሳብ ነው፣ ለሁሉም ይሠራል። ካልቀነሰ ያልተቆጠረ ምግብ አለ።»

«ሰውነት የሚያወጣውን ቢቀንስስ?»

«አይሆንም አልልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብዙ ሰው ይህንኑ ይነግረኛል። ግን የምሞላው ቅጽ ላይ ለእሱ ቦታ የለኝም። ያለኝ ቦታ ሁለት ነው፤ ሸሽጋ በልታለች፣ ወይም ሰው አጉርሷታል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ከሸሸገች እሷ ትጠየቃለች። ካጎረሳት ሰው ካለ ግን ጥፋቱ የአጉራሹ ነው። ጉርሻ እምቢ አይባልም።» ይህን ሲል ትንሽ ያፈረ መሰለ። ሕግ አውጪዎቹም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው።

«አጉራሹስ ምን ይሆናል?»

«አንድ ዓመት ከቤቱ ማዕድ ይለያል። ጠዋትም ቀንም ማታም እዚሁ ማረጋገጫ ቤት ይበላል፣ ከመስታወቱ ፊት።»

ሸዋዬ ትዝ አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ከዚያ የትርሲት አውራ ጣት ትዝ አለኝ።

«እኔ ነኝ ያጎረስኳት» አልኩ።

ትርሲት ዞረች። «ደምሰው፣ ምንድን ነው የምታወራው?»

«ማታ ማታ፣ ከራሴ ሳህን።»

ኤልናታን የእኔን ቁጥር አወጣ። «እርስዎ ቀንሰዋል» አለ፣ ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር። «ሳይታዘዙ ቀንሰዋል። ልክ ነው፣ ይገጥማል።» የእኔና የውሻው ሒሳብ ገጠመ ማለት ነው። ለማረጋገጫ እንጀራና ሽሮ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።

ለብቻችን ስንቀር ትርሲት አላየችኝም። «አላመንከኝም ማለት ነው» አለች በቀስታ። «በልታለች ብለህ አስጻፍከኝ። በልታለች። እድሜ ልኬን ይህ ነው የሚቀመጠው።»

«አምኜሻለሁ።»

«መቼ?»

«እማማ ዘነቡ ቤት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አውራ ጣትሽን ስትጠርጊ።»

ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን የደስታ አልነበረም።

«እስክታይ ድረስ ግን አላመንከኝም።»

«አዎ» አልኳት።

ኤልናታን ሳህኑንና ትንሽ ሚዛን ይዞ ተመለሰ። «እንደሚያጎርሱት አድርገው ይጠቅልሉ» አለኝ። እጄን ታጠብኩና ጠቀለልኩ። ሠላሳ ዓመት ያልጠቀለለ እጅ ሽሮውን ያፈሳል። ሚዛኑ ላይ አኖርኩት።

«ያንሳል» አለ።

ጨመርኩበት።

«አሁንም ያንሳል። ለወይዘሮ ትርሲት ያልተቆጠረው ምግብ ከዚህ ይበልጣል።»

እንጀራ ጨመርኩ፣ ሽሮ ጨመርኩ። ጉርሻው የሕፃን ቡጢ አከለ። ሚዛኑ አረንጓዴ በራ። ኤልናታን በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኛም፣ እሱም፣ ሒሳቡም ተረፍን።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በአንድ ጊዜ አፍ ውስጥ መግባቱን ማየት አለብኝ» አለ። «ይቅርታ ወይዘሮ ትርሲት።»

ጉርሻውን አነሳሁ። ትርሲት አፏን አልከፈተችም። እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ፤ ሽሮው በእጄ አንጓ ላይ መውረድ ጀመረ። እምቢ ብትል ውሸቴ ይፈርስና ስድስት ወር ትገባለች፤ ይህን ታውቃለች። ብትቀበል ደግሞ ያልበላችው ሁሉ እንደ በላችው ይቆጠራል፤ ይህንንም ታውቃለች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የጠየቅኋት ስለ ሕጉ አልነበረም። ያንን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ታውቃለች።

ሸሚዜን አየች። ከእጅጌዬ ጫፍ የተንጠለጠለች ክር ነበረች፤ እጇን ዘርግታ ነቀለቻት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ኤልናታን፣ ያ ትሑት ሹም፣ ሳያስበው መዳፉን ከአገጯ ሥር አድርጎ ፍርፋሪው እንዳይወድቅ ያዘላት። እናቱ ወይም አያቱ ያስተማሩት ነገር መሆን አለበት። እጁን ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ ግን አላነሳውም።

ጉንጮቿ ተወጥረው ቀስ እያለች አኘከች። እንባዋ በሁለቱም በኩል ወረደ። ስትውጥ አንገቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ከጽሕፈት ቤቱ ሳህን የተነሳው ተቆጠረባትና አምባሯ በንዝረት ጮኸ፤ ማንም አላየውም።

«በቃ» አለ ኤልናታን፣ «ይገባል። ጨርሰናል።»

ትርሲት አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አንድ ያጣላል» አለች።

ኤልናታን እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ሚዛኑን በልማድ ወደ እኔ ገፋው።

ሁለተኛውን አልመዘንኩትም።